ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ የአፋር የምርጫ ክልሎች ታሪክና ያልተፈታው ጥያቄያቸው

የምርጫ ክልል የሚባለው ነገር በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ ሰው ቤት አለው፣ ቤቱም ከቦታው አይነቃነቅም። ዛሬ በአንድ ቀበሌ የተመዘገበ መራጭ ድምፅ በሚሰጥበት ቀንም፣ በሚቀጥለው ምርጫም እዚያው ይገኛል ተብሎ ይታሰባል። ይህ እምነት በመንዝም በጎጃምም ብዙ አያስቸግርም። በአዋሽ ሸለቆ ግን ገና ከመነሻው ይደናቀፋል። በደረቁ ወራት የወንዙን ዳር ይዞ የሚከርም፣ ዝናብ ሲጥል ከብቱንና ግመሉን እየነዳ እንደ አላይደጌ ወዳሉ ሜዳዎች የሚወጣ ሕዝብ በካርታ ላይ በተሰመረ ክልል ውስጥ ሲመዘገብ፣ ወይ ሰውየው ከመስመሩ ይወጣል፣ ወይ መስመሩ ሰውየውን ይስታል።

በዚህ ዳሰሳ የአፋርን የምርጫ ክልሎች ታሪክ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ እመለከታለሁ። መነሻና መድረሻዬ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ በደቡብ በር ላይ ያለችው አዋሽና የክልሉ መዲና ሰመራ። የምሟገትለትንም ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። በአፋር የድምፅ ታሪክ ድምፅን ከመሬት ጋር ለማሰር የተደረገ ረጅም ሙከራ ነው። ሙከራው ሁለት ጊዜ ሰውን ስቷል፤ መጀመሪያ አርብቶ አደሩን፣ አሁን ደግሞ በመንገዱ ዳር የበቀሉትን ከተሞች።

ሁለቱ ከተሞች የሚለያዩት በርቀት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚላት አዋሽ የባቡር ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ እሷ የመንገደኛ ማረፊያ ሆና ነበር፤ ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ወታደሩና ሾፌሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ ሰፈረባት። ዛሬ በገቢ ረሱ፣ ማለትም በዞን 3 ትገኛለች። ሰመራ በአንጻሩ መንግሥት ያቀዳት ከተማ ናት። የክልሉ መዲና ከአሳይታ ወደ እሷ የተዛወረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ እዚያ የተቆጠረው ነዋሪ ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲውና የጅቡቲ መንገድ ሰውን ሰብስበውላት ከጎረቤቷ ሎግያ ጋር ተያያዘች፤ አሁን ሁለቱ በአንድ የከተማ አስተዳደር ስር ናቸው። በአዋሽና በሰመራ መካከል ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን አስፋልት ተዘርግቷል፤ አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎግያን አልፎ የሚሄደው ይህ መንገድ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው የሚያልፍበት ነው። የአፋር የምርጫ ጥያቄ እጅግ የሚግለውም በዚሁ መንገድ ዳር ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም የሕግ መምሪያውን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ይባል ነበር። የምርጫ ክልል የሚለው ነገር በእውነት የመጣው በጥቅምት 1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ መሠረት አገሪቱ በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺህ ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይልካል። ነዋሪዋ ከ30 ሺህ በላይ የሆነ ከተማ ደግሞ ለብቻዋ አንድ እንደራሴ ታገኛለች፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 50 ሺህ ነዋሪም ሌላ አንድ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መባቻ ተካሄደ፤ እስከ 1965 ድረስም በየአራት ዓመቱ በድምሩ አምስት ጊዜ ተመረጠ።

ለከተማ የተለየ ድምፅ የሰጠው ያ ደንብ በአፋር ምድር የነካው ከተማ አልነበረም። ነጥቡ ግን ዛሬም ያስፈልገናልና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለአፋር የበለጠ የከበደው ሌላው ድንጋጌ ነው። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ውስጥ ነዋሪና ባለንብረት መሆን ነበረበት፤ ልኩም 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ያው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጹ የግጦሽ መሬትን በሙሉ የመንግሥት ሀብት አድርጎታል። እንግዲህ አርብቶ አደሩ አባቶቹ ከብት ያረቡበትን ሜዳ የኔ ነው ብሎ በማስረጃ ማቅረብ አይችልም። ግመሉና ከብቱ ተንቀሳቃሽ ንብረት መሆናቸው እውነት ነው፤ ባለ ብዙ መንጋ ሰው ልኩን ያሟላ ይሆናል። ነገር ግን መንጋው የዝናቡን ወራት የሚያሳልፈው በሌላ አውራጃ፣ አንዳንዴም በሌላ ጠቅላይ ግዛት ነው። በዚያ ዘመን የአፋር ሕዝብ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋ፣ በሐረርጌና በኤርትራ ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር። በአንዱም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ብዙኃን አልነበረም፤ ስለዚህ የምርጫ ክልሎቹ እንዴት ቢሰመሩ ድምፁ በደጋው ሕዝብ ድምፅ ውስጥ ይሟሟል።

ይህ ደግሞ ምክር ቤት እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው የሆነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ተጠናቀቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ተቋቋመ፤ በተንዳሆ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ በመካከለኛው አዋሽም መልካ ሰዲና አሚባራ ታረሱ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ሲከለል የከረዩና የአፋር ከብት የሚሰማራበት ሣር አብሮ ታጠረ። ለደረቅ ወራት የተጠበቀው የወንዝ ዳር ሣር አርብቶ አደሩ ድርቅን የሚያልፍበት ብቸኛ መተማመኛው ነበርና፣ በ1965 እና በ1966 ረሃብ ሲመጣ አፋር እጅግ የተጎዳው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የአፋር ጉዳይ ቤተ መንግሥት የሚደርሰው በአውሳው ሱልጣን በአሊሚራህ ሐንፈሬ በኩል ነበር፤ በ1936 ሱልጣን የሆኑት አሊሚራህ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በቀጥታ ይነጋገሩ ነበር። እኔ እንደማየው ይህ የሱልጣኑን ብርታት ያህል የምርጫውን ድካም ያሳያል። መሬቱ በውል ለኩባንያ ሲሰጥ የሚጠይቅ እንደራሴ ቢኖር ኖሮ፣ ጥያቄው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ባልወደቀ።

ደርግ ሲመጣ ሱልጣኑ በ1967 አገር ጥለው ወጡ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለዘላኑ በልማድ በሚያሰማራበት መሬት ላይ የመጠቀም መብት ማወቁ መልካም ነበር፤ የጥጥ እርሻዎቹ ግን የመንግሥት ሆነው ቀጠሉ። በሰኔ 1979 ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ሲመረጡ ዕጩ የሚያቀርቡት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ)፣ የብዙኃን ማኅበራትና የጦር ክፍሎች ስብሰባዎች ስለነበሩ ስለ ምርጫ ክልሉ ብዙ የሚባል የለም። የሚባለው ስለ አስተዳደር ካርታው ነው። የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1980 መጀመሪያ አምስት ራስ ገዝ አካባቢዎች ሲታወጁ አንዱ አሰብ ነበር፤ የታሰበውም ለአፋር ነው። በአምስት ጠቅላይ ግዛት የተበተነው ሕዝብ በአገሪቱ ካርታ ላይ የራሱን ቦታ ሲያገኝ ይህ መጀመሪያው ነው። ዕድሜው አጭር ሆነ፤ በ1983 መንግሥቱ ወደቀ፣ በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን አሰብም አብራ ሄደች። ያም ሆኖ አፋር በአንድ ካርታ ላይ መሰባሰብ እንደሚችል የታየው በዚያን ጊዜ ነው፤ የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልል 2 ብሎ ያቋቋመውም የዚያን ሐሳብ ቅሪት በሌላ መሠረት ላይ ነው።

አሁን የምንኖርበት ካርታ የተሠራው በ1986 እና በ1987 ነው። ለሕገ መንግሥት ጉባኤው በግንቦት 1986 ምርጫ የተደረገባቸው 547 መቀመጫዎች ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ዋሉ፤ ለአፋር የደረሱት 8 ናቸው። በ1987ቱ ጠቅላላ ምርጫ አፋርና ሶማሌ ከሌላው አገር ዘግይተው በሰኔ ድምፅ ሰጡ። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ካርታው በተሰመረበት ጊዜ በአፋር ቆጠራ አልተካሄደም ነበር። የ1987ቱ ቆጠራ በአፋርና በሶማሌ የተካሄደው ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ስምንቱ መቀመጫዎች የተቆረጡት በግምት ላይ ነው ማለት ነው።

ግምቱ ምን ያህል እንደሳተ የሚታየው ከቀጣዩ ቆጠራ ነው። በ1999 ግንቦት በአብዛኛው አገር፣ በኅዳር 2000 ደግሞ በአፋርና በሶማሌ በተካሄደው ቆጠራ የአፋር ክልል ሕዝብ 1.39 ሚሊዮን ያህል፣ የአገሪቱ ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። አገሪቱን ለ547 ብናካፍል አንድ እንደራሴ በአማካይ 135 ሺህ ያህል ሰው ይደርሰዋል። በአዲስ አበባ ሒሳቡ 119 ሺህ ያህል ነው፤ በአፋር ከ170 ሺህ ይበልጣል፤ በሶማሌ 193 ሺህ ይደርሳል። በአገሪቱ አማካይ ቢሰላ ለአፋር 10 መቀመጫ ይገባው ነበር። ሐረሪን በዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁም፤ ሕገ መንግሥቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲጠበቅ ስለሚያዝ በአማካይ መለካት የለበትም። አፋርና ሶማሌ ግን በዚያ ጥበቃ ውስጥ አይደሉም፤ በሁለቱም አብዛኛው ሕዝብ አርብቶ አደር ነው፣ በሁለቱም የአንድ ሰው ድምፅ ከደገኛው ድምፅ ያንሳል። የአንድ ሚኒስትር ወይም የአንድ ፓርቲ ክፋት ነው አልልም። ቁጭ ያለን ሰው መቁጠር ቀላል፣ የሚንቀሳቀስን መቁጠር ከባድ በመሆኑ የመጣ ጉድለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሳይታረም መቆየቱ ግን ምክንያት አያገኝም።

መንገዱ በሕግ ተጽፏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ እንዲደረግ፣ በውጤቱም ላይ ተመሥርቶ የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን ደጋግሞ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ቆጠራ ከሌለ የወሰን ማስተካከያ የለም። ሌላም እንቅፋት አለ፤ ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን መቀመጫ ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል፣ የቀረው ክፍት ቦታ ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱ ለአፋርና ለሶማሌ ሁለቱም አይበቁምና ከሌላ ክልል ወንበር መቀነስ የግድ ይሆናል። ማን ይቀነሳል? ይህን ጥያቄ በአደባባይ ሊጠይቅ የሚደፍር ፖለቲከኛ እስካሁን አላየሁም።

ሕንድም የየግዛቱን የምክር ቤት መቀመጫ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ላይ ለአሥርት ዓመታት ቀፍድዳ አቆይታዋለች። ልዩነቱ እዚያ ማገዱ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ታውጆ፣ የሚያበቃበት ጊዜ ተቆርጦ የተደረገ መሆኑ ነው። የኛ ቆሟል እንጂ ይቁም ብሎ የወሰነ የለም።

ወደ ውድድሩ እንለፍ። በ1987 የአፋር የፓርላማ መቀመጫዎች በአንድ ድርጅት እጅ አልነበሩም፤ የአፋር ነጻ አውጪ ግንባርና የአፋር ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ጎን ለጎን ገብተዋል። በ1991 ድርጅቶቹ ተዋህደው የአፋር ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን፣ አብዴፓን መሠረቱ። ከዚያ በኋላ በ1992፣ በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ስምንቱም መቀመጫዎች የአብዴፓ ሆኑ። በ2002 ከክልሉ ምክር ቤት 96 መቀመጫዎች 93ቱን አብዴፓ፣ 3ቱን የአርጎባ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ወሰደ። በ2012 አብዴፓ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ገባ። ከተቃዋሚዎች ወገን የአፋር ሕዝብ ፓርቲ በዶክተር ኮንቴ ሙሳ መሪነት የክልሉን ፖለቲካ ከውጭ ሲሞግት ቆይቷል።

በእንዲህ ያለ ሜዳ የምርጫ ክልሉ ድምፅ የሚቆጠርበት እንጂ የሚወሰንበት ቦታ አልነበረም። ውሳኔው የሚበስለው ዕጩው ከመቅረቡ በፊት ነው። ማን የየትኛው ጎሳ ነው፣ ማን ባለፈው ተራውን አግኝቷል፣ የትኛው ወረዳ ተረስቷል የሚለው በሽማግሌዎችና በጎሳ መሪዎች ዘንድ ይመዘናል። ይህን ሥርዓት ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ለኔ ትልቅ ስንፍና ነው። አፋር ከመንግሥት ሕግ በፊት የነበረ፣ በመግባባት ላይ የቆመ የውሳኔ ባህል አለው። በጎሳ ወገን የተቆራኘ ሰው በየትኛው ሜዳ ቢሰማራ ወገኑ ያው ስለሆነ፣ የጎሳ ውክልና ከሚንቀሳቀስ ሕይወት ጋር ይስማማል፤ የቀበሌ ውክልና ግን አይስማማም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ በጎሳው ሚዛን ሴቶች፣ ወጣቶችና ከአፋር ውጭ የሆነው የከተማ ነዋሪ ድርሻቸው ትንሽ ነው።

ስድስተኛው ምርጫ የተካሄደበት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ መራጩ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ለሰመራ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ቀላል ነው። መንጋውን ተከትሎ ሁለት ወይም ሦስት ወረዳ የሚያቋርጥ ሰው ግን የትኛው ወረዳ ነው የኖረበት? በተግባር የቀበሌ ሊቀመንበሩ ወይም የጎሳ መሪው የኛ ሰው ነው ብሎ ይመሰክርለታል፤ ችግሩ በዚህ ይፈታል። ምዝገባውም ሆነ የድምፅ መስጫው ቀን በዝናብ ወራት ጫፍ ላይ ሲውል ሰዉ ከተመዘገበበት ጣቢያ ርቆ ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ የሚያስደንቅ ጸጋ አለ፦ ዳጉ። በአፋር ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ተቀምጦ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ በዝርዝር ይለዋወጣል፤ ያልተጣራ ወሬ ማሳለፍ ነውር ነው። የምርጫ ቀንን፣ የዕጩን ስም፣ የጣቢያን ቦታ በዚህ መንገድ ማሠራጨት ከማንኛውም የመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ይልቃል። ለመራጮች ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ግን አብዛኛው በፖስተርና በራዲዮ ላይ ሲፈስ ኖሯል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ገዳማይቱ፣ ኡንዱፎና አዳይቱ የተባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ገዳማይቱን ሶማሌዎች ገርባ ኢሴ ይሏታል። አብዛኛው ነዋሪያቸው የኢሳ ሶማሌ ነው፤ መሬቱ ግን በአፋር ክልል ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2007 ሁለቱ ክልሎች ሦስቱ ቀበሌዎች በአፋር ስር እንዲተዳደሩ ተስማሙ፤ በሚያዝያ 2011 የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣሁ አለ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ተከታታይ ግጭት ተነሣ፣ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ፣ መንገዱም ደጋግሞ ተዘጋ።

የ2013ቱ ምርጫ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የምርጫ ቦርድ ሁለቱ ክልሎች በሚወዛገቡባቸው ስምንት ቀበሌዎች የሚገኙ 30 የምርጫ ጣቢያዎች እንዳይከፈቱ ወሰነ፤ የሶማሌ ክልል መንግሥት ውሳኔው ካልተነሣ በምርጫው አልሳተፍም ብሎ አስታወቀ። በመጨረሻ የሶማሌ ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 መረጠ፤ የቀበሌዎቹ ጥያቄ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ይህ ሁኔታ የምርጫ ክልል በአገራችን ምን እንደሆነ ገልጦ ያሳያል። የምርጫ ሣጥን በአንድ ቀበሌ ሲቀመጥ ሰዎች የሚያዩት የባለቤትነት ምልክት ነው፤ ጣቢያውን የከፈተው ክልል መሬቱ የኔ ነው ማለቱ ነውና። ስለዚህም ድምፅ ለመስጠት መሰለፍ መሬት መውሰድ መስሎ ይታያል። በቦርዱ ቦታ ሆኜ ባስበው ከዚያ የተለየ ውሳኔ ማሳለፍ ይከብደኛል፤ ሣጥኑ ደም ሊያፈስ ይችል ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። የአፋርም ሆነ የሶማሌ መንግሥት አይደለም ያጣው፣ በመንገዱ ዳር ሻይ አፍልታ የምትሸጠው ሴት ናት ድምፅ ያጣችው።

ለዚህ መፍትሔ ሊሆን የሚችል አንድ ሐሳብ አለ፤ በአገራችን ሕግ ውስጥ ሥሩ ስላለ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመሬት ጋር የተያያዘ አይደለም። እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝቡም ተጨማሪ አንድ ተወካይ ይኖረዋል። ውክልናው ከሕዝቡ ጋር ነው የሚሄደው። በመንገዱ ዳር ለሚገኙት ቀበሌዎችም ቢያንስ ለሽግግር ጊዜ፣ ነዋሪው በሚኖርበት ቦታ ሆኖ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ብቻ ድምፅ የሚሰጥበት፣ በቦርዱ በቀጥታ የሚተዳደር ጣቢያ ቢቋቋም መሬቱ የማን ነው የሚለው ሳይነካ ዜጋው ድምፁን ያገኛል። የክልል ምክር ቤቱ ምርጫ የወሰኑን ውሳኔ ይጠብቅ።

ሌሎች አገሮችም ይህን ፈተና በየመንገዳቸው ሞክረውታል። ኢራን በ1909 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የምርጫ ሕግ ቃሽቃይና ባኽቲያሪን ጨምሮ ለአምስት ትላልቅ ዘላን ጎሳዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ የፓርላማ መቀመጫ ሰጥታ ነበር። ይህ መንጋውን ተከትሎ ለሚሄድ ሕዝብ ሕግ ሊያደርግለት ከሚችለው ሁሉ ቀጥተኛው ነው፤ ጉድለቱም ግልጽ ነው፣ ከአምስቱ ያልሆነ ጎሳ ከጨዋታው ውጭ ይቀራል። ለኛ ይበልጥ የምትቀርበው ኬንያ ናት። የ2010ሩ ሕገ መንግሥቷ 290 የምርጫ ክልሎችን ወስኖ የሕዝብ ብዛታቸው ከአማካዩ እንዲለያይ የሚፈቀድበትን ልክ አስቀመጠ፦ ለከተማና ሰው ተራርቆ ለሚኖርበት አካባቢ እስከ 40 በመቶ፣ ለሌላው እስከ 30 በመቶ። ሰፊና ደረቅ ምድር ላይ ያለ አርብቶ አደር ሕዝቡ ጥቂት ቢሆንም ወንበር እንዲያገኝ ነው። በአፋር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ምድሩ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለአንድ ወንበር የደረሰው ሰው ከአማካዩ ይበልጣል። ከዱብቲ እስከ ዳሎል ያለውን ርቀት የሚያውቅ ሰው አንድ እንደራሴ መራጮቹን ዞሮ ለመጎብኘት ምን ያህል እንደሚከብደው ይረዳል።

አሁን ወደ ከተሞቹ ልመለስ። የአዋሽ ነዋሪ ከአፋሩ ጋር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ከወላይታና ከሐዲያ ለእርሻ ሥራ መጥቶ የቀረውም ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጉዳይ አይቶ፣ ዕጩ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ እንዲጠየቅ ማድረግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ ወስኗል። ይህ ተገቢ ነው፤ የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ እንደራሴ ምኑን ይወክላል? ነገር ግን በአዋሽ ተወልዶ ያደገ፣ አፋርኛ የሚናገር የባቡር ሠራተኛ ልጅም አለ፤ እሱን ለመሰሉ ሰዎች የሚቀርበው ጥያቄ ቋንቋ አይደለም፣ ወገንህ ማነው የሚለው ነው።

ሰመራ ላይ ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ በ1987 ካርታ ላይ የለችም ማለት ይቻላል። እንደ ከተማ ያደገችው በዱብቲ ወረዳ ምድር ላይ ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ የጎማ ጠጋኙና የሆቴል አስተናጋጇ ጉዳይ ለዓመታት ከተንዳሆ እርሻና ከአካባቢው አርብቶ አደር ጉዳይ ጋር በአንድ ከረጢት ተቋጥሯል። ውሃ፣ መብራት፣ የቤት ኪራይ፣ የቦታ ምሪት፣ ከባድ መኪና የሚቆምበት ስፍራ የከተማ ጥያቄዎች ናቸው፤ የግጦሽና የጎርፍ ጥያቄ ደግሞ የገጠሩ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ሊሸከማቸው ይችላል፤ ግን ሲጋጩ የቱን ይመርጣል? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በብዙ ነገሩ ወደ ኋላ የቀረ ቢሆንም፣ ከተማ የራሷ ድምፅ ይገባታል የሚለውን ያወቀ ነበር። ያ ሐሳብ በ1987 ሲጣል ለአፋር ያጎደለው ነገር አልነበረም፣ ሰመራ ስላልነበረች። አሁን አለች።

ምድሪቱ ራሷም ለቋሚ ካርታ አትመችም። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ ቀዬዎችን አጥለቅልቆ ሰው አፈናቀለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ በታኅሣሥና በጥር ሲበረታ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቶ በጊዜያዊ መጠለያ ሰፈረ። በሰሜኑ ጦርነትም በ2013 ክረምትና ከዚያ በኋላ ከፈንቲ ረሱና ከኪልበቲ ረሱ ዞኖች ብዙ ሕዝብ ተሰድዷል። ቦርዱ በ2013 ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ ማዘጋጀቱ ጥሩ ልማድ ተክሏል። ሰኔ 16 ቀን 2016 በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ሲካሄድ እንደታየውም፣ በአንድ ቀን ያልተሟላውን በሌላ ቀን መሙላት ይቻላል። ለተፈናቃይ ከተቻለ ለአርብቶ አደርም ይቻላል፤ ሰውየው በሚሰማራበት ሜዳ የሚተከል ጣቢያ ተጨማሪ ወጪ ቢጠይቅም፣ ከተመዘገበበት ወረዳ ርቆም ለወረዳው ዕጩ ድምፅ እንዲሰጥ ያስችለዋል።

ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የሚያገለግለው ካርታ በዋናው ነገር የ1987ቱ ነው፤ ስምንቱ ወንበሮች ስምንት ናቸው። ቆጠራ ሳይጠበቅ ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በክልሉ ምክር ቤት እጅ ነው፤ 96ቱን መቀመጫዎች እንደገና አይቶ ለሰመራ ሎግያና ለአዋሽ የራሳቸው የክልል ተመራጮች እንዲኖሯቸው ማድረግ፣ ይህ የፌዴራሉን 550 ጣሪያ አይነካም። ሌላው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የገዳማይቱን፣ የኡንዱፎንና የአዳይቱን ጉዳይ ከምርጫ ዓመት አስቀድሞ፣ ሣጥን ከመታደሉ በፊት፣ የሁለቱንም ሕዝብ ሽማግሌዎች አስቀምጦ መወሰን ይገባዋል። በምርጫ ሰሞን የሚነሣ የወሰን ጥያቄ በዚያ መንገድ ላይ መልሱ እስካሁን ጥይት ሆኖ ነው የኖረው።